ከፈረሰ በኋላ ያሸነፈው ቡድን

መስፍኔ፣

ከተለያየን ስምንት ወር ሞላን። የሄድከው የፋሲካ ሰሞን ነበር፤ አሁን ኦክላንድ እንደገና በርዷል፣ ሌክ ሜሪት ሐይቁ ዙሪያ የሚሮጡት ሰዎች እንኳን ኮፍያና ጓንት ጀምረዋል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም። ተቆጥቼህ ነው። ሚስት ለሞተ ባሏ ስትጽፍ በናፍቆት ትጀምራለች፤ ናፍቆቱም አለ፣ አንጀቴን እየበላኝ ነው የምውለው። ግን ቁጣዬን ደብቄ ብጀምር አንተ ያደረግከውን መድገም ይሆንብኛል። በዚህ ቤት መደባበቅ በቃ ብያለሁ። ለምን እንዳልኩ ታገሰኝና እስከ መጨረሻው ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሸሚዞችህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ፤ ትክክል መስሎኝ ነበር። በዲቪ የመጡ አንድ ባልና ሚስት አሉ፣ ባልየው ሰማያዊውን ሸሚዝህን ለብሶ እሁድ ዕለት ልክ ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ትከሻው እንኳን ያንተን አይሞላም። ፓስተሩ የሰበኩትን አንድም ቃል ሳልሰማ ጉባኤው ተበተነ። ልጃችን ሩት ከሲያትል በየቀኑ ትደውላለች። «ማም፣ አር ዩ ኢቲንግ?» ትለኛለች፤ እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ታለቅሳለች። ልጇ መራመድ ጀምሯል፣ ግንባሩ ቁርጥ አንተን ነው። የመኝታ ቤታችን ማሞቂያ አሁንም ያንኳኳል። ለአከራዩ ስነግረው «ባልሽ ነበር እኮ የሚያስተካክለው» አለኝ። አዎ፣ ባሌ ነበር። አሁን በሁለት ብርድ ልብስ ነው የምተኛው።

የቡድኑን ጃኬት ግን ለማንም አልሰጠሁም። ለማን ይሰጣል? ቡድኑ የለ፣ ሊጉ የለ።

ያንን ሥራ ይዘህ የመጣህ ቀን እንዴት ሳቅኩብህ! ለእኔ አይስ ሆኪ ማለት ሳን ሆዜ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው የሚጮሁበት ነገር ነበር። ዋናው ሊግ እዚያ ቡድን አለው፤ ማሊያውን ካላለበስኳቸው ምሳ የማይበሉ ሴትዮ ነበሩኝ። ባለፈው ዓመት ሌሎች ባለሀብቶች ተነሱና ዋናውን ሊግ የሚፎካከር አዲስ ሊግ አቋቁመናል አሉ፣ ለኦክላንድም አንድ ቡድን ደረሳት። ትልቅ ወሬ ተወራ፣ የሚያየው ሰው ግን አልነበረም፤ ቴሌቪዥን እንኳን አያሳየውም። አንተ ቀን ፕሌዘንተን የቢሮ ሕንፃ ስትጠግን ትውላለህ፣ ማታ የምትሠራው ትርፍ ሥራ ልፈልግ ብለህ ሄድክና የቅጣት ሳጥን በር ከፋች ሆነህ ተመለስክ።

ለሩት ስነግራት አላመነችኝም። ጥፋት ያጠፋ ተጫዋች ሁለት ደቂቃ መስተዋት ቤት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ አባትሽ በሩን ከፍቶ ያስገባዋል፣ ፎጣና ውሃ ያቀብለዋል፣ ጊዜው ሲያልቅ ከፍቶ ይለቀዋል አልኳት። የአዳማ ሙቀት ውስጥ ያደገ ሰው፣ በረዶ ከፍሪጅ ውስጥ እንጂ በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ በሁለት ካልሲና በሦስት ሹራብ እዚያ ተቀምጦ! ግን ለአንተ የተፈጠረ ሥራ ነበር። ስንት ዓመት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመህ አርፍዶ የመጣውን ሁሉ ሳታሳፍር ቦታ ስታስይዝ ኖረሃል። እዚያም ያንኑ ነበር የምትሠራው።

ያ ጥርሱ የወለቀው ግዙፍ ካናዳዊ ከሁሉም ይበልጥ ደንበኛህ ነበር። ተደባድቦ እየፎከረ ሲገባ በአማርኛ «አርፈህ ቁጭ በል» ትለዋለህ፤ ቃሉን ባያውቀውም ድምፅህ ገብቶት ይቀመጣል። ኋላ ኋላ «እሺ» ማለት ለመደ። አንድ ቀን ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ስንት ዓመት እንዳልተነጋገሩ ሳጥኑ ውስጥ እየነገረህ ማልቀስ ጀመረና፣ ሁለት ደቂቃው ሲያልቅ በሩን ለመክፈት እጅህ እንቢ እንዳለህ ነግረኸኛል። ይህን ስትነግረኝ ቆመህ፣ አፍህ ሞልቶ፣ ከድስቱ እየበላህ ነበር። ከጨዋታ ስትመለስ እንዴት ነበር የምትበላው!

ቡድናችሁ ታዲያ ሥራው መሸነፍ ነበር። ከሊጉ ሁሉ መጨረሻ። እኔ ሁለቴ ብቻ መጥቼ አይቼሃለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፋችሁ፣ ብርዱ ወገቤን ይዞኝ ሳምንት አነከስኩ፣ ሦስተኛ አልመጣም አልኩ። ማታ ስትገባ ከፊትህ አውቄ «ዛሬም?» እልሃለሁ፣ አንተም «ዛሬም» ትላለህ፣ እንስቃለን። ያ መከር ደስ የሚል መከር ነበር፣ መስፍኔ። በሽንፈት እንደዚያ ስቀን አናውቅም።

ከፈረንጆቹ ገና በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ማሸነፍ ጀመራችሁ። ጨዋታ ዓርብ ዓርብ ብቻ ሆነ አልከኝ። ዓርብ ማታ ደክመህ ትገባለህ፣ ሶፋው ላይ ትወድቃለህ፣ «አሸነፍን አልሚዬ» ትላለህ። ከስተህ ነበር። ስጠይቅህ «ስኳር ተገኘብኝ፣ አመጋገቤን አስተካክል ብለውኛል» አልከኝ። እኔ ደግሞ በሽተኛ ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝ፣ በወሬ አላምንም፤ ጣትህን ወግቼ ለካሁህ። እውነትም ስኳርህ ከፍ ብሎ ነበር። ውሸትህ ግማሹ እውነት ስለነበረ ነው ያመንኩህ። ስኳር ያለው ነገር ሁሉ ከቤት አስወጣሁ፣ አጃ ገዛሁ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ ስለ ስኳርህ ጸለይኩ። እህቶችም የቡድኑን ነገር ሲሰሙ በረቡዕ ጸሎት ላይ ርዕስ አድርገው ያዙት። ሆኪ ምን እንደሆነ የማያውቁ ሴቶች እጃቸውን ዘርግተው ስለ ሆኪ ሲማልዱ ሳቄን ይዤ ነበር። በመጋቢት ግማሽ ፍጻሜ ደረስን አልከኝ። ይሄንንስ ሳላይ አልቀርም ብዬ በልቤ ወሰንኩ፣ ላንተ አልነገርኩህም።

ዓርብ ነበር። ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ፣ ኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና እንደ ልማዱ ተጨናንቆ ነበር፣ እንዳይጀምሩ ብዬ እየቸኮልኩ መጣሁ። አሬናው ጋ ስደርስ ያ ሁሉ ፓርኪንግ ባዶ ነው። ቀኑን የተሳሳትኩ መሰለኝ። ጥበቃው የኛው ሐበሻ ሆኖ ተገኘ። «እህቴ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። ለጨዋታው አልኩት። «የቱ ጌም? የሆኪው ከሆነ ሊጉ እኮ ክሎዝ አድርጓል። ከፈረንጅ ገና በኋላ ነው ሻት ዳውን ያደረጉት፣ ሠራተኛውን ሁሉ በአንድ ኢሜይል ነው ያሰናበቱት። ለቲኬት ሪፈንድ ከሆነ ኦንላይን አፕላይ አድርጊ» አለኝ በትሕትና።

ፈረንጅ ቢሆን ባሌ እዚህ ይሠራል ብዬ እጠይቀው ነበር። ሐበሻ ስለሆነ አፈርኩ። የባሏን መዋያ የማታውቅ ሴት አለች የሚለው ወሬ ቅዳሜ ሳይመሽ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። «ውይ፣ ረስቼው ነው እኮ» ብዬ ሳቅኩና መኪናውን አዞርኩ።

ሴት ነው የጠረጠርኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከአሬናው እስከ ቤታችን ባለው መንገድ ከጉባኤያችን እህቶች ሁለቱን በስም ጠርቼ ፈርጄባቸዋለሁ። አሁን ባገኘኋቸው ቁጥር ያለ ምክንያት አጥብቄ እስማቸዋለሁ፣ እነሱም ሐዘኑ ነው ብለው ያዝኑልኛል።

ቤት ደርሼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። የምናገረውን ሁሉ አሰናዳሁ፤ በሃያ ምናምን ዓመት ትዳር ያልተናገርኩትን ሁሉ። ጨዋታ የሚያልቅበት ሰዓት ሲደርስ በሩ ተከፈተ። ዳንኤል፣ ያ ከጉባኤው ሁሉ የምትወደው ወንድምህ፣ ክንድህን ይዞህ ነበር፤ እኔን ሲያይ ለቀቀህ። ጃኬቱን ለብሰሃል፣ ፊትህ አመድ መስሏል። ፈገግ ብለህ «አሸነፍን፣ አልሚዬ» አልከኝ።

ያን ሁሉ አሰናድቼ «ስንት ለስንት?» ብቻ አልኩህ። «አራት ለሁለት» አልከኝና ጃኬቱን ስታወልቅ እጅጌህ ተሰብስቦ ክንድህ ላይ የተለጠፈውን ጥጥና ፕላስተር አየሁት። በሥራ ቦታዬ በቀን ስንቴ የማየው ነገር ነው። ከየት እንደመጣህ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። መጀመሪያ ያለቀሰው ዳንኤል ነው። «ለመንኩት እህት አልማዝ፣ ንገራት ብዬ በእግዚአብሔር ስም ለመንኩት» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ለካ በታኅሣሥ ነግረውሃል። የቆሽት ካንሰር ነው፣ ተሠራጭቷል ብለውሃል። ሊጉ ባይፈርስ ኖሮ ምን ብለህ ትደብቀኝ እንደነበር አላውቅም። ሊጉ ፈረሰ፣ ማታዎችህ ባዶ ቀሩ፣ አንተም በሽታህን እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ከተትከው። ዓርብ ከሰዓት ኬሞህን ትወስዳለህ፣ ከዚያ ሳን ሊያንድሮ ዳንኤል ቤት ትተኛለህ፣ ታስመልሳለህ፣ ጨዋታ የሚያልቅበት ሰዓት ሲደርስ ፊትህን ታጥበህ፣ ጃኬቱን ደርበህ፣ ውጤት ፈጥረህ ትመጣለህ። ሁልጊዜም ታሸንፋለህ። በቁሙ ሲሸነፍ የኖረ ቡድን ከፈረሰ በኋላ መሸነፍ አቆመ። አንድ ሁለቴ ብትሸነፍ እኮ ግማሽ ፍጻሜ አትደርስም ነበር፣ እኔም አልመጣም ነበር። ለእኔ ሽንፈት ይዘህ መምጣት አልቻልክም። በዚህ ተያዝክ።

ለምን ስልህ «ቀኑን ሙሉ የሰው በሽተኛ ስታገላብጪ ውለሽ፣ ቤት ስትገቢ ደግሞ ሌላ በሽተኛ እንዳይጠብቅሽ ብዬ ነው» አልከኝ። ሌላ ሰው ቢሰማ ፍቅር ነው ይላል። ፍቅር ነው፣ አልክድህም። ግን መስፍኔ፣ ስማቸውን ልጆቻቸው እንኳን የማይጠሩትን ሰዎች እጅ ይዤ ሸኝቻለሁ። አፋቸውን በጥጥ አርጥቤያለሁ። ያንተን ግንባር ሌላ ሰው ቤት ሌላ ሰው ያዘው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። መድኃኒቱስ ለዚህ በሽታ ድሮም አልነበረም፤ አስታማሚ ግን ነበረህ። ሦስት ወር ሙሉ ነበረህ፣ ቤት ቁጭ ብላ አጃ እያማሰለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ጸሎትም አላበረደልኝም።

ከዚያ የቀረን ስድስት ሳምንት ነው። ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ፣ አልጋህን ሳሎን መስኮቱ ጋ አደረግነው፣ ማንም እንዲያጥብህ አልፈቀድኩም። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩህ፤ የእውነቱን የውድድር ዘመን ንገረኝ አልኩህ። ነገርከኝ። ድምፅህ እየቆራረጠ ጨዋታ በጨዋታ ነገርከኝ፤ ምን ያህል እንደተሸነፋችሁ፣ ወንበሩ ባዶ ስለሆነ ተጫዋቾቹ ሲሳደቡ እንዴት እንደሚያስተጋባ፣ በመጨረሻው ቀን መፍረሱ ከተነገረ በኋላ መብራቱ እየጠፋ እያለ ያ ካናዳዊ ምንም ሳያጠፋ መጥቶ ሳጥኑ ውስጥ አጠገብህ እንደተቀመጠ። ሁለታችሁም ሁለት ደቂቃ ተቀመጣችሁ፣ ከዚያ በሩን ከፈትክለት። ይህን ስትነግረኝ አለቀስክ፣ እኔም ፊትህን ጠረግኩ፣ ሾርባህንም ትንሽ ቀመስክ።

ካናዳዊው ለቀብርህ መጣ። ሳን ሆዜ ሌላ ሥራ ይዞ ቀርቷል፤ ከማን እንደሰማ አላውቅም። የኋላው ወንበር ላይ፣ ከሰው ሁሉ አንድ ክንድ ረዝሞ፣ መዝሙሩን ሳያውቀው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ተቀመጠ። ሰው ሲያጽናናኝ ተሰልፎ ተራው ሲደርስ እጄን በሁለት እጁ ያዘና «እሺ» አለኝ። ሌላ የሚያውቀው አማርኛ የለውም። እኔም እሺ አልኩት፣ ከዚያ ለምሳ አስቀመጥነው።

አሁን ወደማታውቀው ነገር ልግባ፣ ወደ እናትህ። አንተ የሄድክ ሳምንት እማማ አዳማ ሆስፒታል ተኝተው ነበር፣ ደም ግፊት ጥሏቸው። እህትህ ሰናይት በስልክ እያለቀሰች «እንዳትነግሪያት በናትሽ፣ ትሞትብኛለች። ትንሽ ትጠንክርልኝና በወጉ እናረዳታለን» አለችኝ። እሺ አልኳት። ማን እንቢ ይላል? መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም፤ ሰው ይሰበሰባል፣ በማለዳ ነው፣ ሽማግሌ አለው። ትንሽ የተባለው ግን ወር ሆነ፣ ክረምት ሆነ፣ አዲስ ዓመት ገባ። እማማ ተሻላቸው፣ ሐኪሙም ደህና ናቸው አለ፣ ሰናይት ግን ገና ናት ትላለች።

እማማ እሁድ እሁድ ይደውላሉ። «ልጄስ?» ይሉኛል። «ጨዋታ አለበት እማማ፣ አሬና ነው» እላለሁ። ይህን መልስ የሰጠችኝ ሰናይት ናት። ጨዋታውን ያውቁታል፣ አንተው ነህ የነገርካቸው፤ «በረዶ ላይ የሚንሸራተቱት ልጆች» ነው የሚሏቸው። ሰናይት ደግሞ ስልኳ ላይ የቀረውን የድሮ የድምፅ መልእክትህን ታሰማቸዋለች፣ «እማዬ፣ ጨዋታ ልገባ ነው፣ እደውልልሻለሁ፣ እወድሻለሁ» የምትለዋን። እማማ ሰምተው ይመርቁሃል። በሐምሌ አንድ እሁድ «አሸነፉ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። «አሸነፉ» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ሳቁ። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ኦክላንድ ላይ የፈረሰው ሊግ አዳማ ውስጥ አሁንም ይጫወት ነበር፣ ውጤቱን የምፈጥረው ደግሞ እኔ ነኝ።

ከቀብርህ ጀምሮ ለዳንኤል ሰላምታዬን ነፍጌው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል፣ እኔም እንዲቀይር እፈልግ ነበር። ያን ዕለት ግን ደወልኩለት፤ እኔም ዳንኤል ሆኛለሁና። መጣ፣ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስለ ዓርብ ማታዎቹ ሁሉንም ንገረኝ አልኩት፣ ምንም ሳታስቀር። ነገረኝ። ባልዲውን ራስህ ካላጠብኩ ብለህ እንደምትታገለው፣ ውጤቱን ስትፈጥር እሱን እንደምታማክረው ነገረኝ። «ዛሬስ እስቲ እንሸነፍ፣ ትጠረጥራለች» ሲልህ «ኧረ እኔ እሷ ፊት አልሸነፍም» ብለኸዋል አሉ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ካረፍክ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ስንለያይ ሳም አደረግኩት።

በኅዳር ለሰናይት ደውዬ ካልነገራችኋቸው እኔ እነግራቸዋለሁ አልኳት። ተጣላን። «ብትሞት በአንቺ ነው» አለችኝ። ቀላል ቃል አይደለም ይሄ። አፌን ከፍቼ እናትህን ልገድላቸው እችላለሁ፣ አንተ የለህ፣ ማንን ልጠይቅ? ፈራሁ።  ግን እኔ በዚያ ካፖርት ውስጥ ተቀምጬ የተሰማኝን አውቃለሁ፣ እና እማማ በየእሁዱ ያለማወቃቸው ውስጥ ሲስቁ መስማት ከዚህ በላይ አልቻልኩም። በመጨረሻ ሰናይት ተሸነፈች፣ የጉባኤያቸው ሽማግሌዎች ሊያረዷቸው ተስማሙ። አንድ ነገር ግን አስገቡበት፤ ሰሞኑን በድንገት አረፈ ይባላል። ይህን ያህል መደበቁን ከሰሙ ማንንም ይቅር አይሉም፣ ለልባቸውም አይበጅም ተባለ። እኔም ዝም አልኩ።

አዳማ ሲነጋ እዚህ ገና መምሸቱ ነበር። ዳንኤል አጠገቤ ተቀምጦ በቪዲዮ አየነው። ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል። እማማ ከመኝታቸው ወጥተው ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ በሩን ተደግፈው ቆሙ። ሽማግሌው ጸለዩ፣ ከመጽሐፉ አነበቡ፣ ከዚያ «ልጅዎ መስፍን ወደ ጌታው ሄዷል» አሉ። የእናትህን ጩኸት አልጽፍልህም። ድምፃቸው ሲደክም «መቼ?» አሉ። ሽማግሌው ሊመልሱ ሲሉ በእጃቸው ከለከሏቸው። «አልማዝን ስጡኝ» አሉ። ሰናይት ስልኩን ፊታቸው ስታቀርበው ዓይኗ እኔን እየለመነ ነበር። «አንቺ ሚስቱ ነሽ። ልጄ የሞተው መቼ ነው?»

ሰሞኑን ማለት አንድ ቃል ነው። አፌ ላይ ነበር። ዳንኤል እጄን ያዘኝ፣ ተይ ይበለኝ በርቺ ይበለኝ አላውቅም፣ እሱም እንደማያውቅ ኋላ ነገረኝ።

«ከፋሲካ በኋላ ነው፣ እማማ። ሰባት ወር ሆኖታል» አልኳቸው።

እማማ «ሰባት ወር?» አሉ። «ሰባት ወር ልጄን ሳላለቅስለት? ስበላ፣ ስስቅ፣ አሸነፉ ወይ እያልኩ ስጠይቅ?» ስልኩን ገፉት፣ ጣሪያውን ብቻ እያየሁ ድምፃቸውን ሰማሁ። ሰናይትን ረገሟት፣ ሽማግሌዎቹን ከቤቴ ውጡ አሏቸው፣ እኔንም በስሜ ጠርተው እንደዚህ ታደርጊያለሽ ብዬ አላስብም ነበር አሉ። አልሞቱም፣ መስፍኔ። ተቆጡ እንጂ። ያን ቁጣ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

ሁለት እሁድ ሳይደውሉ አለፉ። ሰናይትም አኩርፋኝ ነበር። ሦስተኛው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኩ ጮኸ። ሰላምታም አልሰጡኝ። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉ። ምን አመመው፣ ማን አወቀለት፣ ምን በላ፣ ማን ውሃ አጠጣው። ያየሁትን ነገርኳቸው፣ ያላየሁትን ከዳንኤል እንደሰማሁት አድርጌ ነገርኳቸው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት እኔም እንዳልነበርኩ፣ እኔም ጨዋታ ላይ ነው ተብዬ እንደኖርኩ ነገርኳቸው። «አንቺንም?» አሉኝ። «እኔንም» አልኳቸው። «የኔ ልጅ» አሉኝ፣ ከዚያ በፊት እንደዚያ ብለውኝ አያውቁም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ሁለታችንም ባሕር ማዶ ለባሕር ማዶ ሆነን የቀረብንን ስናለቅስ ቆየን።

ባለፈው እሁድ ደግሞ ካቆምንበት ቀጠልን። የሳሎኑን አልጋ፣ መስኮቱን፣ ሾርባውን። ቶሎ ልለፈው ብል አይፈቅዱልኝም፤ የትኛውን ትራስ ነው የምታደርጊለት፣ የትኛው ጎኑ ነው የሚያመው ይላሉ።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው፣ የኔ ጌታ። አስታውስሃለሁ፤ አሸናፊ አድርጌ ግን አይደለም። እንደፈራህ፣ እንደዋሸኸኝ፣ እንደወደድከኝ፣ እንደነበርክ አድርጌ። ሩትም ልጇም የሚሰሙት ያንን ነው። ቁጣዬም ይኖራል፣ ከናፍቆቱ ጋር አንድ ቤት ተስማምተው መኖር ጀምረዋል።

የፊታችን እሁድ ከእማማ ጋር የምንደርሰው የሞትክበት ጠዋት ላይ ነው። እሱን በሌላ ቀን እናድርገው ይሆን ስላቸው እንቢ አሉኝ። «ያን ጠዋት ብቻሽን ነበርሽ፣ አሁን እኔም ልኑር» አሉ። ማለዳ ተነስተው፣ ነጠላቸውን ለብሰው ይጠብቁኛል። እኔም ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፣ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽህ ድረስ፣ ቀስ ብዬ፣ እናትህ አጠገብህ እንዲደርሱ።

ያንተው አልማዝ